የብርሃን ሩር፦ በዱላ ምት የሚሠራ የሁለት ሰው የገና ጨዋታ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 12

የአምና ገና ዕለት አባባ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የወይራ ዱላቸውን አውጥተው ለእህቴ ልጆች አሳዩአቸው። ጫፉ የተቆለመመ፣ መያዣው በእጅ ላብ ብዛት የጠቆረ ዱላ ነው፤ በልጅነታቸው መንዝ ውስጥ ገና የተጫወቱበት። ልጆቹ ተሻሙበት። ግን የት ይለጉ? ግቢያችን በአራት እርምጃ የሚያልቅ ሲሚንቶ ነው፤ በአንድ ወገን መስኮት፣ በሌላው የጎረቤት መኪና አለ። ዱላው ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ልጆቹም ወደ ስልካቸው። ያ ነገር ዓመቱን ሙሉ ከሆዴ አልወጣም።

ዘንድሮ ሜዳውን ወደ ቤት ላመጣው ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የኤልኢዲ ሰሌዳ፣ ሁለት ዱላ፣ በዱላው ምት የምትሮጥ አንዲት የብርሃን ሩር፣ የገና ኳስ። የሚጫኑት ቁልፍ አይኖርም። ሕጉም የገና ሕግ ነው፦ ሩሯን ከተቃራኒ ወገን ዳር ያሳለፈ አገባ ይባላል። እስከ ገና 47 ቀን አለኝ፤ የምሠራው ከሥራ መልስ ማታ ማታ ነው።

የአባባን ዱላ አልበሳም፣ አልቆርጥም። ለልጆቹ የሚሆኑ ሁለት ቀለል ያሉ ዱላዎች አናጺ ዘንድ አዝዣለሁ፤ ርዝመታቸው 60 ሴንቲሜትር።

ኅዳር 15

መርካቶ ዋልኩ። የሚያስፈልገኝ እያንዳንዱ መብራት ለብቻው የሚታዘዝበት የኤልኢዲ ጥቅል ነው፤ የሙያው ሰዎች ደብሊውኤስ2812ቢ የሚሉት። ለሱቅ ጌጥ የሚሸጠው ተራው ጥቅል ሲታይ ከዚህ አይለይም፤ ሦስት ሱቅ ውስጥ «ያው ነው» ተብሎ ቀርቦልኛል። ያው አይደለም። መለያው መቁረጫው ላይ ነው፤ ተራው ባለ ሦስት ቀለም ጥቅል አራት የመዳብ ነጥብ ያለው ሆኖ በ12 ቮልት ይሠራል፣ የምፈልገው ግን ሦስት ነጥብና የመረጃውን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አለው፣ የሚሠራውም በ5 ቮልት ነው። አራተኛው ሱቅ ተገኘ። 5 ሜትር፣ በሜትር 60 መብራት፣ በድምሩ 300።

አንጎሉ ኢኤስፒ32 የሚባል፣ ኮድ የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው፤ ከዚህ በፊት ለሌላ ሥራ የገዛኋቸው ሦስት ሰሌዳዎች አሉኝ። ለእንቅስቃሴ ኤምፒዩ6050 የሚባለውን ሴንሰር መረጥኩ፤ በአንድ ትንሽ ሰሌዳ ላይ ፍጥንጥነትን የሚለካ አክስለሮሜትርና የመዞር ፍጥነትን የሚለካ ጃይሮስኮፕ አንድ ላይ ተቀምጠውበታል።

ኅዳር 18

ጥቅሉን አሥር ቦታ ቆርጬ በኮምፔንሳቶ ላይ አጣበቅኩት። አሥር ረድፍ፣ በየረድፉ 30 መብራት። በመብራቶቹ መካከል ያለው ርቀት 1.67 ሴንቲሜትር ስለሆነ ሜዳው 50 ሴንቲሜትር ይረዝማል፤ ረድፎቹን በ3 ሴንቲሜትር ስላራራቅኳቸው ቁመቱ 30 ደርሷል። መረጃው እባብ እንደሚሄድ ነው የሚሄደው፦ የመጀመሪያውን ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ሁለተኛውን ከቀኝ ወደ ግራ። እንዲህ ሲሆን ማያያዣው ሽቦ አጭር ይሆናል፣ ኮዱ ደግሞ በጎዶሎና በሙሉ ረድፍ ቁጥሩን መገልበጥ ይኖርበታል። ዘጠኝ መታጠፊያ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ሽቦ፣ በድምሩ ሃያ ሰባት ሽቦ በካውያ ማያያዝ። ሁለት ምሽት ወሰደ።

ኅዳር 20

ዛሬ በራ፤ ግን እንደታሰበው አልበራም።

ሁሉንም መብራት ነጭ ሳደርገው የላይኛው ረድፍ ነጭ ሆነ፣ ታችኛው ግን እንደ ሻማ ቢጫ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ቀይ ለመሆን ተቃርቧል። መልቲሜትር ሳስገባ መነሻው ላይ 5 ቮልት፣ መጨረሻው ላይ 4.1 ሆኖ አገኘሁት። አንድ መብራት በሙሉ ነጭ እስከ 60 ሚሊአምፒር ይስባል፤ ሦስት መቶው 18 አምፒር ነው። ያን ያህል ጅረት በጥቅሉ ስስ መዳብ ላይ ሲያልፍ ቮልቴጁ በመንገድ ላይ ይበላል። ሰማያዊና አረንጓዴ ከቀይ የበለጠ ቮልቴጅ ስለሚፈልጉ ቀድመው የሚደክሙት እነሱ ናቸው፤ ቀይዋ ብቻዋን ትቀራለች። ወፍራም ሽቦ ከኃይል ምንጩ ለብቻው ስቤ በመነሻው፣ በመሃሉና በመጨረሻው አስገባሁለት። ቀለሙ ተስተካከለ።

ሌላው ችግር ብልጭታ ነው። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሐምራዊ ነጥብ በየተወሰነ ጊዜ ሜዳው ላይ ብልጭ ይላል። ምክንያቱ ኢኤስፒ32 የሚናገረው በ3.3 ቮልት መሆኑ ነው። መብራቱ ግን «አንድ» የሚለውን ምልክት የሚቀበለው ከራሱ የኃይል መጠን ሰባ በመቶ ላይ ነው፤ በ5 ቮልት ሲሠራ 3.5 ማለት ነው። የቮልቴጅ መጠን የምትቀይረውን ትንሽ ቺፕ አፈላልጌ አጣኋት። በምትኩ ከአሮጌ ቁራጭ አንድ መብራት ቆርጬ ከሰልፉ ፊት አቆምኩት፤ ኃይሉን በአንድ ተራ ዳዮድ አሳልፌ ሰጠሁት። ዳዮዱ 0.7 ቮልት ስለሚቀንስ ያ መብራት የሚሠራው በ4.3 ይሆናል፤ ሰባ በመቶው 3 ብቻ ነው። የ3.3 ቮልቱን ምልክት በደንብ ይሰማል፣ ለቀጣዩ መብራት ደግሞ በ4.3 ከፍ አድርጎ ያስተላልፈዋል። ብልጭታው ጠፋ። የዚህ ዓይነት መፍትሔ ደስ ይለኛል፤ ሱቅ ውስጥ ያጣሁትን በእጄ ካለው አገኘሁ።

በመስመሩ ላይ 5 አምፒር ፊውዝ አስገብቻለሁ። ልጆች የሚነኩት ነገር ነው።

ኅዳር 25

የመጀመሪያው የሚጫወቱት ነገር ዛሬ ተገኘ። ሁለቱ ሴንሰሮች በአንድ መስመር ላይ ተያይዘዋል፤ አድራሻቸው እንዳይጋጭ የአንዱን የአድራሻ እግር ከ3.3 ቮልት ጋር አገናኝቻለሁ። ዱላውን ወደ ላይ ሲያዘነብሉት በሜዳው ዳር ያለች አጭር የብርሃን መስመር ትወጣለች፣ ወደ ታች ሲያዘነብሉት ትወርዳለች፤ ሩሯ እሷን ነክታ ትመለሳለች። ልጆቹ ወዲያው ገባቸው፣ ወደዱትም።

አባባ ወንበራቸው ላይ ሆነው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ «ልጄ፣ ጥሩ ሠርተሃል። ግን ማን ለጋ?» አሉኝ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ አልወሰደብኝም። ልጆቹ ዱላውን ይዘው ውኃ የሞላ ብርጭቆ እንደያዘ ሰው ቀስ እያሉ ያዘነብላሉ። ሩሯን የሚመልሳት ዱላው ሳይሆን ቦታው ነው። ገና ውስጥ ግን ትከሻ አለ፣ ወገብ አለ፣ ዱላው አየሩን ሲቀድ የሚያሰማው ድምፅ አለ።

በ1958 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዊልያም ሂጊንቦተም የተባለ የፊዚክስ ሊቅ አሜሪካ ውስጥ በብሩክሄቨን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ለጎብኚዎች ቀን ያዘጋጀውን የሁለት ሰው የቴኒስ ጨዋታ አስታወስኩ። ማሳያው የኦሲሎስኮፕ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ምልክትን በብርሃን የሚያሳይ መሣሪያ፣ ክብ መስታወት ነበር። እዚያ ላይ ራኬት አይታይም፤ የሚታየው መረብ፣ መሬትና የምትነጥር የብርሃን ነጥብ ብቻ ነው። ተጫዋቹ መቼ እንደሚመታና በየት አቅጣጫ እንደሚልክ ይወስናል። በእኔ ሜዳ ላይም መቺው መታየት አያስፈልገውም፤ ዱላው በሰውዬው እጅ ላይ አለና። የብርሃን መስመሯን አጠፋኋት። የሦስት ምሽት ኮድ አብሯት ሄደ፤ ይሂድ።

ኅዳር 28

ምትን መለየት። የመጀመሪያ ሙከራዬ በአክስለሮሜትሩ ነበር፦ ፍጥንጥነቱ ከዚህ መጠን ካለፈ ሩሯ ትለጋ። ትንሿ የእህቴ ልጅ በቀስታ ስትለጋ 32767። ትልቁ ወንድሟ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲለጋ 32767። እኔ ስለጋ 32767። ቁጥሩ እንደ ግድግዳ ቆመ።

ሴንሰሩ ሲከፈት ራሱን የሚያስቀምጠው እስከ 2 የመሬት ስበት ድረስ ብቻ እንዲለካ ነው። ከዚያ በላይ የሆነው ሁሉ በመጨረሻው ቁጥር ላይ ይደፈጠጣል። ዱላ ደግሞ ምን ያህል እንደሚያልፈው በወረቀት ሠራሁት፦ በሰከንድ 860 ዲግሪ የሚዞር ዱላ ከመዞሪያው 60 ሴንቲሜትር ርቆ ያለው ጫፉ ወደ 14 ስበት የሚጠጋ ፍጥንጥነት ይሰማዋል። ሴንሰሩን ወደ 16 ከፍ አደረግኩት። ቁጥሮቹ ተለያዩ፣ ሆኖም ሌላ ጣጣ መጣ። የመሬት ስበት ሁልጊዜ እዚያው አለ፤ ዱላው ባዘነበለ ቁጥር ስበቱ ከአንዱ ዘንግ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ትልቁ ዱላውን ትከሻው ላይ ሲያሳርፍ ሩሯ ተለጋች።

ታኅሣሥ 1

ወደ ጃይሮስኮፑ ዞርኩ፤ ከመጀመሪያውም መሆን የነበረበት እሱ ነው። ምክንያቱን እዚህ ላይ ልጻፈው፤ ይህን ሥራ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል።

ዱላ ሲወናጨፍ ጫፉ ይፈጥናል፣ መያዣው ይዘገያል። አክስለሮሜትር የሚለካው እንደተቀመጠበት ቦታ ይለያያል። የመዞር ፍጥነት ግን በዱላው ላይ ሁሉ አንድ ነው፤ ጫፉ በሰከንድ 800 ዲግሪ ከዞረ መያዣውም 800 ዲግሪ ነው የዞረው። ትንሿ ዱላውን ከመሃል ብትይዘው፣ ትልቁ ከጫፉ ቢይዘው፣ ጃይሮስኮፑ አይታለልም። የመሬት ስበትም አይመለከተውም። ሴንሰሩን መያዣው አጠገብ ባስቀምጠው የሚጎድልብኝ ነገር የለም፤ ዱላው አንድ ነገር ቢነካም ከመሰበር ይተርፋል።

መጠኑን በሰከንድ እስከ 2000 ዲግሪ ከፈትኩት። በዱላው ርዝመት ዙሪያ የሚሆነውን መሽከርከር ትቼ የሁለቱን የቀሩ ዘንጎች ድምር ኃይል ብቻ ወሰድኩ፤ የእጅ አንጓ መጠምዘዝ እንደ ምት እንዳይቆጠር። ትንሿ ከ500 እስከ 700፣ ትልቁ ከ900 እስከ 1200 ይለጋሉ። መነሻውን 350 ላይ አደረግኩ። አንድ ምት ከተቆጠረ በኋላ ለ300 ሚሊሰከንድ ሌላ አይቆጠርም፤ አለበለዚያ ዱላው ሲመለስም ይለጋል። ሲበራ ደግሞ ዱላዎቹ ለሁለት ሰከንድ ጠረጴዛ ላይ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ ጃይሮስኮፕ ቆሞ እያለ እንኳ ትንሽ ስሕተት ስለሚያሳይ ያንን ለክቶ መቀነስ ያስፈልጋል።

ሩሯ በየትኛው ረድፍ እንደምትሄድ የሚወስነው ከምቱ በፊት የነበረው የዱላው ማዘንበል ነው፤ ከ100 ሚሊሰከንድ በፊት ያለውን ነው የምወስደው። በምቱ መሃል አክስለሮሜትሩ ላይና ታችን አያውቅም።

ታኅሣሥ 5

ሽቦው አሸነፈኝ። 3 ሜትር የሆነ ሽቦ ከዱላ ጋር ሲወናጨፍ ሴንሰሩ በየደቂቃው ዝም ይላል። ይህ መስመር የተሠራው በአንድ ሰሌዳ ላይ ላሉ ቺፖች ነው፤ ሽቦው በረዘመ መጠን ምልክቱ ይደነዝዛል። ከዚያ በላይ ደግሞ ትንሿ ገመዱን ረግጣ ልትወድቅ ነበር።

ስለዚህ እያንዳንዱ ዱላ የራሱን ኢኤስፒ32 ያዘ፣ ያለ ሽቦም ይናገራል። ተራውን የዋይፋይ መንገድ ትቼ ኢኤስፒ ናው የተባለውን መረጥኩ፤ ራውተር አያስፈልገውም፣ ሰሌዳ ለሰሌዳ በቀጥታ ይላላካል። አንድ መልእክት በመጀመሪያው ሥሪቱ እስከ 250 ባይት ይይዛል፣ የእኔ 12 ብቻ ነው። ባትሪው ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ፣ 18650 የሚባለው የሊቲየም ሕዋስ ነው። ከስድስት ሕዋስ ሦስቱን ጣልኩ፤ ከ2.5 ቮልት በታች የወረደውን መልሶ መሙላት አደጋ አለው።

ወደ ባትሪ ስቀይረው ዱላው በምት መሃል ይጠፋና ይነሳ ነበር። ሬዲዮው መልእክት በሚልክበት ቅጽበት ከ300 ሚሊአምፒር በላይ ይስባል፣ በቀጭኑ ሽቦ ላይ ቮልቴጁ ይወርዳል። ጥቂት ኃይል አጠራቅሞ በቅጽበት የሚሰጥ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አጠገቡ ሲቀመጥ ችግሩ ቆመ።

ታኅሣሥ 8

ዛሬ ያለ ምንም ብልሽት ተጫወቱ፤ ግን ትልቁ ደጋግሞ «አጎቴ፣ ሩሯ ትሰንፋለች» ይለኛል። ፈጣን ናት፣ አልኩት። «ስትሄድ ፈጣን ናት። ስትነሳ ናት የምትሰንፈው» አለ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው፤ መሐንዲስ የሚያስተውለውን አስተዋለ።

ልኬት ያስፈልጋል። ስልኬ በሰከንድ 240 ምስል ይቀርጻል። ዱላውንና ሜዳውን በአንድ ምስል ውስጥ አድርጌ ቀረጽኩና ከዱላው መነሳት እስከ ሩሯ መነሳት ያሉትን ምስሎች አንድ በአንድ ቆጠርኩ። 26። አንዱ ምስል 4.17 ሚሊሰከንድ ስለሆነ 108 ሚሊሰከንድ ነው። በቁጥር ሲነገር ትንሽ ይመስላል፤ በእጅ ላይ ግን ዱላው ሩሯን አልፎ ከሄደ በኋላ ሩሯ ታስባ የምትነሳ ያህል ነው።

ታኅሣሥ 9

መዘግየቱን ከምንጩ ፈለግኩ። አንደኛ፣ ቁጥሩ እንዳይንቀጠቀጥ ብዬ የስምንት ልኬት አማካይ እወስድ ነበር፤ በሰከንድ መቶ ጊዜ ለሚለካ ሴንሰር ይህ ወደ 35 ሚሊሰከንድ ይጎትታል። አወጣሁት። ጃይሮስኮፑ ያን ያህል አይንቀጠቀጥም፤ ፍርሃቴ ነበር ያስቀመጠው። ልኬቱንም በሰከንድ ወደ 200 ከፍ አደረግኩ።

ሁለተኛው ከባዱ ነው። የምቱን ኃይል ለማወቅ ፍጥነቱ ከፍተኛው ጫፍ ላይ እስኪደርስና መውረድ እስኪጀምር እጠብቅ ነበር፤ ካልጠበቅኩ ጠንካራና ደካማ ምት አይለይም። ይህ ብቻውን ሌላ 50 ሚሊሰከንድ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ኮዱን እያየሁ ተቀመጥኩ። ከዚያ አባባ ዱላውን አንስተው በአየር ላይ ሲያወናጭፉት አየሁ፤ ሩር ለመልጋት ሳይሆን ክንዳቸውን ለማፍታታት። እውነተኛው ሩር መቼ ነው የሚነሳው? ዱላው በነካው ቅጽበት። ምን ያህል እንደሚርቅ ግን ዓይናችን የሚያውቀው ከተነሳ በኋላ ነው።

እንደዚያው አደረግኩት። ፍጥነቱ 350ን እንዳለፈ ሩሯ በመካከለኛ ፍጥነት ወዲያው ትነሳለች። ዱላው በቀጣዮቹ 60 ሚሊሰከንዶች ትክክለኛውን ኃይል ይልካል፣ የሩሯም ፍጥነት በመንገድ ላይ ይስተካከላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የምትሄደው ከሁለትና ሦስት መብራት አይበልጥም፤ ዓይን ማስተካከያውን አያይም፣ መነሳቷን ግን ያያል።

እንደገና ቀረጽኩ። 9 ምስል፤ 37 ሚሊሰከንድ። ከዚህ ውስጥ 9ኙ የመብራቶቹ ነው፤ ለአንድ መብራት 24 ቢት ለመላክ 30 ማይክሮሰከንድ ይወስዳል፣ ለ300ው 9 ሚሊሰከንድ። ከዚያ በታች በዚህ ጥቅል መውረድ አይቻልም።

ለትልቁ ምንም ሳልነግረው ዱላውን ሰጠሁት። አንድ ጊዜ ለጋ። ዱላውን አየው፣ ሜዳውን አየው። «መታኋት» አለ።

ታኅሣሥ 13

ጨዋታው የሚጀምረው ሩሯ መሃል ላይ ቆማ ነው፤ ሁለቱም ይሻሟታል፣ ቀድሞ የለጋ ይወስዳታል። ትንሿ በቀኝ ስትቆም ሁልጊዜ እንደምትቀደም አስተዋልኩ። ቦታ ሲቀያየሩ ወንድሟ መቀደም ጀመረ። እንግዲያው ልጆቹ ሳይሆኑ ሜዳው ነው የሚያዳላው።

ሁለቱን ዱላዎች በገመድ አንድ ላይ አስሬ መቶ ጊዜ ለጋሁ። ምቱ አንድ ስለሆነ ውጤቱ ግማሽ በግማሽ መሆን አለበት። ግራው 81 ጊዜ አሸነፈ። ኮዱ የግራውን መልእክት በመጀመሪያ ያነባል፤ ሁለቱም ደርሰው ከሆነ ግራው ቀደመ ማለት ነው። አባባ አጠገቤ ነበሩ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አሉኝ። ጌታና ሎሌ እኩል በሚለጉበት ጨዋታ ሜዳው ራሱ ጌታ መምረጥ የለበትም።

ማስተካከያው እንዲህ ነው። ዱላው ሲልክ «ለጋሁ» ብቻ አይልም፤ «ከዚህን ያህል ሚሊሰከንድ በፊት ለጋሁ» ይላል። መልእክቱ ጠፍቶ ሁለተኛ ጊዜ ቢላክ እንኳ ትክክለኛው ሰዓት አይጠፋም። ሩሯ መሃል ስትሆን ብቻ ሜዳው 20 ሚሊሰከንድ ታግሶ ሁለቱንም ይሰማና ይፈርዳል፤ በሌላ ቦታ ተቀናቃኝ ስለሌለ አይጠብቅም። ልዩነቱ ከአንድ ልኬት ካነሰ እኩል ነው፤ ሩሯ ባለችበት ነጥራ ትቆማለች።

እንደገና መቶ ጊዜ። ግራ 46፣ ቀኝ 43፣ እኩል 11። ክንዴ ዝሏል፤ ነገር ግን በዚህ ሥራ ውስጥ እንደ ዛሬ የረካሁበት ቀን የለም።

ታኅሣሥ 17

መብራቶቹ ዓይን ይወጋሉ። ወረቀት ሞከርኩ፤ የሰሌዳ ማስታወቂያ የሚሠሩበትን ነጭ ፕላስቲክም ሞከርኩ፤ ሁለቱም ደብዛዛ አደረጉት። እማማ ጥለቱ ያለቀ አሮጌ ነጠላ ሰጡኝ።

ከመብራቶቹ 1 ሴንቲሜትር አርቄ ስወጥረው ነጥቦቹ አሁንም ለየብቻ ይታያሉ። በ3 ሴንቲሜትር ላይ ግን ብርሃኑ ድርና ማጉ ውስጥ ገብቶ ይሰፋል። ጠጋ ብለው ሲያዩት እያንዳንዷ ክር ትበራለች፤ ሩሯ ስታልፍ የድሩ ክሮች ተራ በተራ ቀልተው ይጠፋሉ። ራቅ ሲሉ ደግሞ ፍሕም የሆነች ኳስ በደመና ውስጥ የምትንከባለል ነው የሚመስለው። የማሳያ መስታወት ገዝቼ ቢሆን ይህን አላገኘውም ነበር። ከነጠላው የተረፈውን ጥለት በክፈፉ ላይና ታች ሰፋሁት።

የጨርቅ ነገር ስለሆነ ሙቀቱን ለካሁ። ሜዳው ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ ሩሯ ብቻ ደማቅ ስለሆነች ጠቅላላው የሚስበው 2.1 አምፒር ነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላም ሰሌዳው በእጅ ሲነካ ለብ ይላል እንጂ አይሞቅም። ኮዱ ከ4 አምፒር በላይ እንዳይስብ ገደብ አለው፣ ፊውዙም አለ።

በነገራችን ላይ ሩሯ ቀስ ስትል ከመብራት መብራት እየዘለለች ትታይ ነበር። አሁን ቦታዋ 12.3 ከሆነ 12ኛው መብራት ሰባ በመቶ፣ 13ኛው ሠላሳ በመቶ ይበራል። ዓይን ብርሃንን የሚመዝነው በቀጥታ ስላልሆነ ቁጥሩን ጋማ በሚባለው፣ ብርሃኑን ከዓይን አመዛዘን ጋር በሚያስማማው ስሌት ማረም ያስፈልጋል፤ ሳይታረም ሩሯ በሄደች ቁጥር የምትተነፍስ ይመስላል።

ታኅሣሥ 21

በዱላዎቹ መያዣ ውስጥ ከአሮጌ ስልክ የወጡ ትናንሽ ነዛሪ ሞተሮች ገቡ፤ በትራንዚስተር ይነዳሉ፣ ዳዮድም አላቸው። ዱላው ሲለጋ ለ40 ሚሊሰከንድ ይነዝራል። ብርሃን እጅ ላይ አይሰማም፤ አሁን ግን እጅ ሩሯን ያገኛት ይመስለዋል።

ታኅሣሥ 23

ዛሬ ደነገጥኩ። ትልቁ ሲለጋ ዱላው ከእጁ አምልጦ ከትንሿ ጆሮ በአንድ ክንድ ርቀት አልፎ ግድግዳውን መታ። ማንም አልተጎዳም። ሥራው ለዛሬ በዚያው ቆመ። ነገ ሌላ ነገር ከመነካቱ በፊት፦ ለእያንዳንዱ ዱላ የእጅ አንጓ ማሰሪያ፣ በመያዣው ላይ ለስላሳ ቆዳ፣ ወለሉ ላይ ደግሞ ሁለት ሜትር የተራራቁ ሁለት የኖራ ክቦች። ከክቡ የወጣ ምቱ አይቆጠርለትም። ማሰሪያው ሳይታሰር ጨዋታው አይጀመርም።

ታኅሣሥ 26

ማሰሪያዎቹ ተሰፍተዋል፤ በኃይል ስቤ ሞከርኳቸው፣ ይይዛሉ። ማታ መብራት ጠፋ። ሜዳው የሚፈልገው 10 ዋት ያህል ስለሆነ በ12 ቮልት የሞተር ብስክሌት ባትሪና በቮልቴጅ መቀነሻ አስነሳሁት። በጨለማ ቤት ውስጥ ከነጠላው ጀርባ አረንጓዴው ሜዳ ብቻውን ሲበራ እማማ ቡና እያፈሉ ነበር፤ ረከቦቱም ሲኒውም አረንጓዴ ሆነ። ልጆቹ በዚያ ብርሃን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተጫወቱ።

ታኅሣሥ 29፣ ማታ

ከቅዳሴ መልስ፣ ከምሳ በኋላ፣ ጎረቤት ሁሉ መጣ። ስንት ጨዋታ እንደተካሄደ አልቆጠርኩም። ከቀትር በኋላ የግራው ዱላ ባትሪ አለቀ፤ ተቀይሮ ቀጠለ። ሌላ ብልሽት አልነበረም።

ወደ 11 ሰዓት ላይ አባባ ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ መኝታ ቤት ገቡ። የወይራ ዱላቸውን ይዘው ተመለሱና ዘረጉልኝ። «እሰርልኝ» አሉ።

«አልበሳውም አባባ» አልኳቸው።

«ማን ብሳው አለህ? እሰረው ነው ያልኩህ።»

ከቀኙ ዱላ ሴንሰሩን፣ ሰሌዳውንና ባትሪውን አወጣሁ። ከነጠላው የተረፈ ቁራጭ ነበር፤ መያዣው አጠገብ ሦስት ዙር ጠምጥሜ አሰርኩት። የእጅ አንጓ ማሰሪያውንም አሰርኩላቸው። ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰከንድ አስቀመጥነው፣ ስሕተቱን ለካ። በኖራው ክብ ውስጥ ቆሙ። በግራ በኩል ትንሿ ነበረች፣ በሁለት እጇ ይዛ።

ሩሯ መሃል ላይ በራች። አባባ አልቸኮሉም፤ ትንሿ ለጋች፣ ሩሯ ወደ እሳቸው መጣች። ወገባቸው ሲዞር አየሁ። ዱላው የመጣው ከኋላ፣ ከታች፣ በጉልበታቸው ደረጃ ነው፤ ከልጆቹ አንዳቸውም እንዲህ አልለጉም። መዝገቡ ላይ በኋላ አየሁት፦ በሰከንድ 1640 ዲግሪ። ሩሯ ሠላሳውን መብራት በ0.4 ሰከንድ አቋርጣ ከዳር ወጣች።

ትንሿ ዱላዋን እንዳነሣች ቀረች። ከዚያ በእግሯ የኖራውን ክብ መሃል ረግጣ ቆመች።

«አባባ፣ እንደገና ይለጉ» አለቻቸው።